ክሩን ማገላበጥ ብቻ አይበቃም፦ የቀኝ ጊታርን ለግራኝ ማዘጋጀት

ግራኝ ሰው ጊታር ልማር ሲል ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «እንደ ሰው በቀኝህ ልመድ» የሚል ነው። ሌላው «ክሮቹን ፈተህ አገላብጠህ እሰራቸው፣ አለቀ» ይላል። የመጀመሪያው ምክር አንዳንዴ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን የሥራውን ሩብ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ማሲንቆ ቢሆን አንድ ጭራ ብቻ ስላለው የሚገለበጥ ቅደም ተከተል የለውም። የጊታር ስድስት ክር ግን ከወፍራም ወደ ቀጭን ይሄዳል፤ ገላው፣ አንገቱና ብሪጁም (ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ያንን ቅደም ተከተል ተከትለው ተሠርተዋል። ፊት ለፊት ሲያዩት ግራና ቀኙ እኩል ይምሰል እንጂ ወገን የያዘ መሣሪያ ነው።

ወገን ከያዘባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ነት ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ከመቃኛዎቹ በታች ያለውና ስድስት ቦይ የተቆረጠለት ነጭ ቁራጭ። ሁለተኛው ሳድል ነው፤ ብሪጁ ውስጥ የተሰካው፣ ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ቀጭን አጥንት ወይም ፕላስቲክ። ሌላው ሁሉ፣ ፒክጋርዱም (ገላውን ከጭረት የሚጠብቀው ስስ ሽፋን) ሆነ የቀበቶ መያዣው፣ የምቾት ጉዳይ ነው። ነትና ሳድል ካልተስተካከሉ ግን ጊታሩ ቅኝት አይይዝም። ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል።

በየትኛው እጅ?

ጊታር ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መጥረጊያ አንሡ። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ዐይናችሁን ጨፍናችሁ መጥረጊያውን እንደ ጊታር ምቱት። እጃችሁ ሳይታዘዝ የሄደበት ወገን ብዙ ነገር ይናገራል። ብዙ ሰው ከባዱ ሥራ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) የሚጫነው እጅ፣ በቀኝ ጊታር ግራው፣ ስለሆነ ግራኝ በቀኝ ጊታር ያተርፋል ብሎ ይከራከራል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፍሬት የሚጫነው እጅ ቦታ ይይዛል፤ ምቱን የሚጠብቀው ግን የሚመታው እጅ ነው። ጣት በልምምድ ቦታውን ያገኛል። ምት ግን በደካማው እጅ ላይ ሲጣል ለረጅም ጊዜ ይንገዳገዳል።

በግራ የምትጽፉ፣ ግን በቀኝ የምትወረውሩ፣ መቀስም በቀኝ የምትይዙ ከሆነ በቀኝ ጀምሩ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ ጓደኛ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ያገኛችሁትን ጊታር ሁሉ አንሥታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። እውቁ ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር ግራኝ ነው፤ የሚጫወተው ግን በቀኝ ነው። ሁሉንም ነገር በግራ የምታደርጉ ከሆነ ግን አትታገሉ። መካከል ላይ ያላችሁ ለ3 ሳምንት በየቀኑ 15 ደቂቃ በቀኝ ሞክሩ። በአንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ፣ በደቂቃ 60 ምት፣ ወደ ታች ወደ ላይ መምታት ከዚያ በኋላም የሚያደናቅፋችሁ ከሆነ ወደ ግራ ተሻገሩ። በቀኝ ከአንድ ዓመት በላይ የተጫወታችሁ ግን ግራኝ ስለሆናችሁ ብቻ አትቀይሩ፤ የያዛችሁትን ትጥላላችሁ።

አንድ ሦስተኛ መንገድም አለ፦ የቀኝ ጊታርን ምንም ሳይነኩ ገልብጦ መያዝ። ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይሆናል። አልበርት ኪንግና ዲክ ዴል እንዲህ ነበር የሚጫወቱት። ኤልዛቤት ኮተን ደግሞ ዜማውን በአውራ ጣቷ፣ ባሱን በሌሎቹ ጣቶቿ ትመታ ነበር። ድምፁ የራሱ ውበት አለው፤ አልበርት ኪንግ ቀጫጭኖቹን ክሮች ወደ ታች እየጎተተ ነበር የሚያለቅሳቸው። ችግሩ መማሪያው ነው፤ የኮርድ ሥዕል ሁሉ ለእናንተ እንግዳ ይሆናል፣ የጣት አቀማመጡንም ከባዶ መፈልሰፍ ይጠበቅባችኋል። ብቻውን ለሚማር ጀማሪ አይመከርም።

የሚቀረው ክሩን ማገላበጥ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ ስትራቶካስተር (የኤሌክትሪክ ጊታር ዓይነት) ገልብጦ፣ ክሮቹን ለግራ አስሮ ይጫወት ነበር። ከዚህ በታች ያለው የዚህ መንገድ ሥራ ነው።

ከናይለን ጊታር ጀምሩ

ለመገልበጥ ከሁሉ የሚቀለው ባለ ናይለን ክሩ ክላሲካል ጊታር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሳድሉ ቦይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው እንጂ እንደ ብረት ክሩ ጊታር የተንጋደደ አይደለም። ሁለተኛ፣ የክሮቹ ውፍረት እርስ በርስ ይቀራረባል። መካከለኛ ውጥረት ያለው የተለመደ ስብስብ ከ1ኛ (ከቀጭኑ ዳር) እስከ 6ኛ (እስከ ወፍራሙ ዳር) ሲለካ ወደ 0.71፣ 0.81፣ 1.02፣ 0.74፣ 0.89 እና 1.09 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስትገለብጡ 2ኛው ክር 5ኛው በነበረበት ቦይ ይገባል፤ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ዋናው ሥራ 6ኛውና 3ኛው በሚያርፉባቸው ሁለት ቦዮች ላይ ነው፤ መስፋት አለባቸው። 1ኛውና 4ኛው ደግሞ ሰፊ ቦይ ውስጥ ይወድቃሉ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ አዲስ የናይለን ክር ስብስብ፣ ትንንሽ የመርፌ ሞረዶች፣ የብየዳ አፍንጫ መጥረጊያ ስብስብ (በብየዳ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ፣ እንደ ሽቦ ቀጭን የሆኑ ክብ ሞረዶች ናቸው)፣ 240፣ 400 እና 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ሱፐር ግሉ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ማስመሪያና ስልክ ላይ የተጫነ ቱነር (ቅኝት መለኪያ)። ለነት ተብሎ የሚሠራ ሞረድ አለ፤ ዋጋው ግን ከጀማሪ ጊታር ጋር ይቀራረባል። የብየዳ መጥረጊያው ሥራውን ይሠራል።

1. አሮጌዎቹን ክሮች ከማንሣታችሁ በፊት ነቱን፣ ሳድሉንና በብሪጁ ላይ ያለውን ቋጠሮ በስልክ ፎቶ አንሡ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ያለውን ከፍታም ለኩና ጻፉ። በክላሲካል ጊታር በ6ኛው ክር በኩል ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ በ1ኛው በኩል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ጥሩ ልክ ነው።

2. ክሮቹን በየተራ አላሉና አንሡ። ሳድሉ በሙጫ አልተያዘም፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት የቦዩ ከንፈር ይሰነጠቃል።

3. ሳድሉን ግራና ቀኙን አዙራችሁ መልሱት። ከፍ ያለው ጫፍ ወፍራሞቹ ክሮች ወደሚመጡበት ወገን መሄድ አለበት፤ ወፍራም ክር ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የሳድሉ አናት ወደ አንድ ወገን የተዳፋ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ስታዞሩት ዳፋውም ስለሚዞር አናቱን እንደገና በሞረድ አስተካክሉ።

4. ነቱን አታዙሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቦይ ወደ መቃኛዎቹ ዝቅ እያለ የሚሄድ ዳፋ ነው፤ ከፍተኛው ነጥብ ክሩ ወደ ፍሬቶቹ የሚወጣበት ጠርዝ ነው። ነቱ ሲዞር ከፍተኛው ነጥብ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክሩ ቦዩ ውስጥ ይንከባለልና እንደ ንብ ይጮሃል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ይልቁንም ነቱን በቦታው ትታችሁ ቦዮቹን አስተካክሉ።

5. የጊታሩን ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበትን) እና የፍሬት ሰሌዳውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። 6ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው የሚገቡባቸውን ቦዮች አስፉ። ሞረዱን ወደ መቃኛው ወገን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ ፊት ብቻ ግፉ እንጂ ወዲያና ወዲህ አትፈግፍጉ። የቦዩ ስፋት ከክሩ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ። በዐይን የምትፈትኑት እንዲህ ነው፦ ክሩ በራሱ ክብደት ገብቶ የሚያርፍ ከሆነና ስትስቡት የማይጮህ ከሆነ በቂ ነው። ስትቃኙ «ጢቅ» እያለ የሚዘል ክር ቦዩ ጠቦበታል ማለት ነው።

6. 1ኛውና 4ኛው የሚገቡባቸውን ሰፊ ቦዮች ገና አትሙሉ። መጀመሪያ ክሩን አስራችሁ ስሙት። ናይለን ክር የቦዩ ወለል ክብ ከሆነ በሰፊ ቦይ ውስጥም አደብ ገዝቶ ሊቀመጥ ይችላል። ወዲያ ወዲህ የሚል ወይም የሚጮህ ከሆነ ቦዩን በቤኪንግ ሶዳ ሙሉና አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጨምሩበት። በሰከንዶች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ይሞቃልም፣ ጭሱን አታሽትቱ። ከዚያ በትክክለኛው ስፋት እንደገና ቁረጡት።

7. ክሮቹን እሰሩ። በብሪጁ ላይ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያሉትን ሦስቱን አንድ ጊዜ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉትን ናይለኖች ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምዝዙ፤ ናይለን ለስላሳ ስለሆነ ይሾልካል። የመጨረሻው ጥምዝ ከብሪጁ ጀርባ ጠርዝ ወዲያ ማለፍ አለበት።

8. የነቱን ጥልቀት በወረቀት ፈትኑ። ክሩን 2ኛውና 3ኛው ፍሬት መካከል ተጫኑትና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በክሩና በፍሬቱ መካከል እየታከከ ማለፍ አለበት። ወረቀቱ እንደ ልቡ የሚመላለስ ከሆነ ቦዩ ገና አልጠለቀም፤ ኤፍ ኮርድ ጣታችሁን ያሠቃያል። ጨርሶ የማይገባ ከሆነና ክሩ ክፍቱን (ፍሬት ሳይጫኑ) ሲመታ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ጠልቋል፤ ሞልታችሁ እንደገና ቁረጡ።

9. 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍታውን ለኩ። ዝቅ ማድረግ የምትፈልጉትን ሁለት እጥፍ ከሳድሉ ሥር ፈግፍጉ፤ 12ኛው ፍሬት የክሩ መሃል ስለሆነ ሳድሉ 1 ሚሊ ሲወርድ ክሩ እዚያ ላይ የሚወርደው ግማሽ ሚሊ ነው። 240 ቁጥር ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግታችሁ፣ ሳድሉን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ፈግፍጉ። አናቱን ሳይሆን ሥሩን።

አዲስ ናይለን ክር ለ3 ወይም 4 ቀን ቅኝት አይይዝም፤ በየሰዓቱ ይወርዳል። ይህ የክሩ ተፈጥሮ ነው እንጂ የቋጠሮው ጥፋት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር ማሰር ሲታይ የኖረ ስሕተት ነው። የናይለን ስብስብ ውጥረት ሲደመር ወደ 40 ኪሎ ነው፤ ቀለል ያለ የብረት ስብስብ ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል። ብሪጁ ከገላው መላቀቅ ሊጀምር ይችላል።

ባለ ብረት ክር አኩስቲክ

እዚህ ላይ ነው «ክሩን ገልብጠው» የሚለው ምክር የሚከሽፈው። 12–53 ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ ስብስብ 1ኛው ክር 0.30 ሚሊ ሜትር፣ 6ኛው 1.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ። ወፍራሙ በቀጭኑ ቦይ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ቀጭኑ በወፍራሙ ቦይ ውስጥ ይዋኛል። ሞልቶ መቁረጥ ይቻላል፤ አዲስ ነት መሥራት ግን የተሻለ ነው፣ አሮጌውም ለመመለሻ ይቀመጣል።

የነት ምርጡ ቁስ አጥንት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ቅልጥም አይጠፋም። የበሬ ቅልጥም መቅኔው ወጥቶ ለ1 ወይም 2 ሰዓት ይቀቀል፣ በቢላ ይፋቅ፣ በሳሙና ውኃ ያድር፣ ከዚያ በጥላ ቢያንስ ለሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ይሰነጠቃል። በብረት መጋዝ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ሽታውም ጎረቤት ያስወጣል።

አሮጌውን ነት ለማንሣት በዙሪያው ያለውን ቫርኒሽ በምላጭ ብጡ፣ አለዚያ ሲነሣ የጊታሩን ራስ ቀለም ገንጥሎ ይወጣል። ከፍሬት ሰሌዳው በኩል ትንሽ እንጨት አስደግፋችሁ በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። በጊታሩ ራስ በኩል ከንፈር ካለው ግን አትምቱት፤ በጎን በኩል በፒንሳ ገፍታችሁ አውጡት።

የብዙ አኩስቲክ ጊታር አንገት ነቱ ላይ 43 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የዳር ክሮቹን ከጠርዙ ወደ 3.25 ሚሊ ሜትር አስገቡ። ቦዮቹን ስታሰምሩ ከመሃል እስከ መሃል እኩል አታድርጉ፤ ወፍራሞቹ ይጣበባሉ። በክሮቹ ጠርዝና ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት ነው እኩል የምታደርጉት፤ በዚህ ስብስብ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ክሩ ግማሽ ውፍረቱ ብቻ ቦዩ ውስጥ ይስመጥ። ነቱን በአንድ ወይም ሁለት ጠብታ ነጭ ኮላ አስቀምጡት። በሱፐር ግሉ ካጥለቀለቃችሁት የሚቀጥለው ሰው እንጨቱን ይዞ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ሳድሉ። የአኩስቲክ ሳድል ሆን ተብሎ የተንጋደደ ነው፤ የ6ኛው ክር ጫፍ ከ1ኛው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል። ወፍራም ክር ፍሬት ላይ ሲጫኑት ቅኝቱ ይበልጥ ስለሚያሻቅብ፣ ያንን ለማካካስ ትንሽ ርዝመት ይጨመርለታል። ክሮቹን ስትገለብጡ ርዝመቱ ለማይፈልገው ለቀጭኑ ይደርሳል። ርዝመቱ 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር 12ኛው ፍሬት ላይ 6ኛው ክር 8 ሴንት ያህል ከፍ ይላል፣ 1ኛው 8 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። እስከ 3ኛ ፍሬት የሚያዙ ኮርዶች ላይ ብዙም አይታወቅ ይሆናል፤ ከ7ኛ ፍሬት በላይ ሁለቱን ክሮች አብራችሁ ስትመቱ ግን ይነካከሳሉ። ክፍት ክሮቹን ደግማችሁ ደጋግማችሁ ብትቃኙም አይስተካከልም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ሙሉው መድኃኒት የሳድሉን ቦይ በጠንካራ እንጨት ሞልቶ በተቃራኒው መንጋደድ መቁረጥ ነው። ይህ የማሽንና የሰለጠነ እጅ ሥራ ነው፤ በቢላና በሞረድ አትጀምሩት። ግማሹ መድኃኒት በቤት ይሠራል። ሳድሉ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አናቱን በሞረድ ቅረጹት፤ ለ6ኛው ክር ማረፊያው የኋላ ጠርዝ፣ ለ1ኛው የፊት ጠርዝ እንዲሆን፣ መካከል ያሉትን በየደረጃው። እያንዳንዱ ክር እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ያገኛል፣ ስሕተቱም ከ8 ወደ 5 ሴንት ይወርዳል። ኮርድ እየመታ ለሚዘፍን ሰው ይህ ይበቃል። ወደ ላይ ወጥቶ ዜማ ለሚጫወት ግን አይበቃውም፤ እሱ ለግራኝ የተሠራ ጊታር ቢገዛ ነው የሚሻለው።

6ኛው ክር ብሪጁ ላይ ባለው ቀዳዳ አልገባ ካለ ፒኑን (ክሩን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘውን ችንካር) በመዶሻ አታስገድዱት፤ የብሪጁ ጫፍ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። የብርጭቆ ወረቀት እንደ ሲጋራ ጠቅልላችሁ በክሩ በኩል ያለውን ጠርዝ ጥቂት አስፉት።

ፒክጋርዱ በተቃራኒ ወገን ይቀራል። ተዉት። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማንሣት ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ያለው እንጨት ቀለሙ ይለያል፣ ቫርኒሹም አብሮ ሊነሣ ይችላል። ገላው ውስጥ ያሉት የመደገፊያ እንጨቶችም ለቀኝ ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው። በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነውና አትጨነቁበት።

ኤሌክትሪክ

ኤሌክትሪክ ጊታር በአንድ በኩል ይቀላል፤ በብዙዎቹ ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ተንቀሳቃሽ ሳድል አለው። ነቱን ከላይ እንደተባለው አስተካክላችሁ ክሮቹን እሰሩ፣ ከዚያ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳትጫኑ በመንካት የሚወጣውን ቀጭን የደወል ድምፅ ተጭናችሁ ከምታገኙት ድምፅ ጋር በቱነር አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ከነቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት። ቡለኑን ከማዞራችሁ በፊት ክሩን አላሉ፤ ካቻቢቴው ሲያንሸራትት ጊታሩን ይቧጭራል።

የሚከብደው ቅርጹ ነው። የድምፅ ቁልፎቹ ከላይ፣ ክንዳችሁ ሥር ይመጣሉ፤ እየተጫወታችሁ ድምፁ ይቀንስባችኋል። የገመዱ መሰኪያም ወደ ላይ ይዞራል። ቀበቶ ማንጠልጠያውን ወደ ሌላኛው ቀንድ (ከአንገቱ ጎን ወጣ ያለው የገላው ጫፍ) ማዛወር ግድ ነው፤ ለ3.5 ሚሊ ቡለን በ2.5 ሚሊ ድሪል ብሱ፣ ሳትበሱ ቡለኑን ካስገባችሁ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ገና የምትገዙ ከሆነ ሁለት ቀንድ ያለውን ምረጡ። እንደ ሌስ ፖል በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ገላ ሲገለበጥ የተቆረጠው ወገን ወደ ላይ ስለሚዞር ላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ እጅ በቀላሉ አይደርስም። ግራኙ የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ ቫዮሊን መሳዩን የሆፍነር ቤዝ ሲገዛ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነው ቅርጽ ሲገለበጥ እንደማያስቀይም ልብ ብሎ ነበር።

ኮርድና ታብ ማንበብ

የኮርድ ሥዕል የሚሣለው ጊታሩ ፊታችሁ ቆሞ ነው፤ በግራ ዳር ያለው መስመር 6ኛው ክር ነው። ክሩ በተገለበጠ ጊታር ግን በግራ ዳር ያለው 1ኛው ነው። ሥዕሉን በስልክ ገልብጡት፤ ቁጥሮቹ ተገልብጠው ይወጣሉ እንጂ ነጥቦቹ ትክክል ይሆናሉ። የተሻለው ግን ከመጀመሪያው ኮርድን በክር ቁጥር መያዝ ነው። ሲ (C) ኮርድ፦ 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር 2ኛ፣ 2ኛ ክር 1ኛ፣ 3ኛውና 1ኛው ክፍት። ይህ ለቀኝም ለግራም አንድ ነው። ታብ (የሚጫኑትን ፍሬት በስድስት መስመር ላይ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) ደግሞ መገልበጥ አያስፈልገውም፤ መስመሮቹ ክሮቹን በቁጥር ነው የሚያሳዩት፣ ቀጭኑ ሁልጊዜ ከላይ። ታብ ገልብጦ ማንበብ የግራኝ ጀማሪ የተለመደ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያ ልምምድ ይሁናችሁ፣ ትዝታ ሜጀር ከሲ፦ 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፤ 4ኛ ክር ክፍት፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት፤ 3ኛ ክር ክፍት፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት፤ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት። ወደ ትዝታ ማይነር ለመቀየር 4ኛውና 3ኛው ክር ላይ ያሉትን ሁለት 2ኛ ፍሬቶች ወደ 1ኛ አውርዱ። ጣቱ ግራም ይሁን ቀኝ ዜማው ያው ነው።

በትምህርት በኩል ግራኝ አንድ የማይነገርለት ጥቅም አለው። ቀኝ አስተማሪ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ለግራኝ ተማሪ መስታወት ነው፤ የአስተማሪው አንገት ወደሚዘረጋበት የእናንተም ይዘረጋል። ቀኝ ተማሪ በአእምሮው መገልበጥ ያለበትን እናንተ እንዳለ ትቀዳላችሁ። ስለዚህ ጎን ለጎን አትቀመጡ፤ አንገቶቹ ይጋጫሉም። ቪዲዮም አትገልብጡ፣ እንዳለ እዩት። «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» የሚሉት ቃላት ለእናንተም ያው ናቸው፤ አስተማሪው «ግራ እጅ» ሲል ብቻ «ፍሬት የሚጫነው እጅ» ብላችሁ ስሙት።

ለግራኝ የተሠራ ስትገዙ

ግራኝ ጊታር በአብዛኛው በትእዛዝ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ፎቶ አስልኩ። ክሩ የተገለበጠ የቀኝ ጊታር «የግራ» ተብሎ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ለመለየት የጊታሩን ራስ ወደ ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊት እዩ። በእውነተኛ የግራ አኩስቲክ የሳድሉ ቀኝ ጫፍ ከግራው ዝቅ ያለ ነው፣ ፒክጋርዱም ከቀዳዳው በግራ በኩል ይሆናል። የሳድሉ ግራ ጫፍ ዝቅ ካለ ለቀኝ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። በክላሲካል ጊታር ይህ ምልክት አይሠራም፤ እዚያ የነቱን ቦዮችና የሳድሉን ከፍታ ነው የምታዩት።

የገለበጣችሁት ጊታር ላይ የአንገቱ ጎን ነጥቦች ወደ ጉልበታችሁ ዞረው አይታዩም። በላይኛው ጎን ከ3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 9ኛ ፍሬት ቀድሞ ባለው ክፍተት መሃል አንዳንድ፣ ለ12ኛው ሁለት ነጥብ በነጭ የጥፍር ቀለም በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አድርጉ። አንድ ቀን ይድረቅ።